ሁለተኛው ድምፅ ወዴት ሄደ?

ስለ ራዲዮ ድራማ መዳከም በተነሣ ቁጥር አንድ መልስ ተዘጋጅቶ ይጠብቀናል። «ቴሌቪዥን መጣና ገደለው» ይባላል፤ ነገሩም በዚያው ይዘጋል። መልሱ ቀላል ስለ ሆነ ይወደዳል። ዳሩ ግን ጥቂት ቁጥር ብንደምር አይቆምም። ቴሌቪዥን አገራችን የገባው በ1957 ዓ.ም. ነው። በአማርኛ ከተሠሩት ተከታታይ የራዲዮ ድራማዎች መካከል ብዙ ጆሮ ካገኙት አንዱ፣ «የቀን ቅኝት»፣ መሰማት የጀመረው በ1994 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ 37 ዓመት አለ። ገዳይ የተባለው 37 ዓመት ሙሉ አብሮ ሲኖር ሟች ጭራሽ እየወፈረ ከሄደ፣ ምርመራው እንደገና ይከፈት ማለት መብታችን ነው።

እርግጥ ነው፣ ሣጥኑ በየመንደሩ የገባው ቆይቶ ነው፤ ዲሹም በየቆርቆሮው ላይ የበቀለው ትናንት ነው። ይኸን አንክድም። ግን ቴሌቪዥን የሚወስደው ዓይንን ነው። ዓይኑ ሥራ የያዘበትን ሰው ምን ያደርገዋል?

እኛ ይኸን የምንጽፈው ሱሉልታ ሆነን ነው። ሱሉልታ፣ የሸገር ከተማ አካል ከመሆኗ በፊትም ሆነ በኋላ፣ እጇ ሥራ የማይፈታ አገር ናት። ክረምቱ ሲወጣ የሜዳው ሣር ታጭዶ ድርቆሽ ይከመራል። ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ ላም የምታልብ፣ ምጣድ የምትጥድ አለች። ከአዲሱ ገበያ በእንጦጦ ትከሻ ዞሮ ሲመላለስ የሚውል የታክሲ ሾፌር አለ። የፋብሪካ ጥበቃ፣ የመጋዘን ዘበኛ፣ ልብስ ሰፊ፣ ጫማ ሰፊ አለ። እነዚህ ሁሉ ዓይናቸውንና እጃቸውን ለእንጀራ ሰጥተዋል፤ ጆሯቸው ግን ነፃ ነው። ምጣድ ላይ ያለች ሴት ቴሌቪዥን ልይ ካለች እንጀራው ያርራል። ራዲዮኑ ግን አሁንም እንደ በራ ነው። ድሮ ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ እየተሰጣ ይነሣ የነበረው ራዲዮ በስልክ ተተካ እንጂ ልማዱ አልቀረም። ስለዚህ «ሰሚ ጠፋ» የሚለውን አንቀበልም። ሰሚ አለ፤ ሲሰማም ይውላል። ጥያቄው ምን ይሰማል ነው።

እስቲ ጆሮ እንስጥ። ጠዋት ዜናና የመንገድ መጨናነቅ። ቀጥሎ በስልክ ሰላምታ መላክ፣ ዘፈን መምረጥ። ረፋዱ ላይ የጤና ባለሙያ ምክር። ከዚያ ሙዚቃ፣ ከዚያ ማስታወቂያ፣ ከዚያ ሌላ ማስታወቂያ። ማታ ኳስ። ስለ ኳሱ አንድ ነገር ሳንል ብናልፍ ደግ አይደለም፤ በኤፍ ኤም ላይ የቀረልን ትልቁ ተከታታይ ድራማ እሱ ነውና። ጀግና አለው፣ ከሐዲ አለው፣ በየሳምንቱ ልብ አንጠልጥሎ ይቆማል፤ ሁለትና ሦስት ሰው በተለያየ ድምፅ ይሟገትበታል። ስለ አንድ የለንደን አጥቂ ጉልበት መታመም እንዲያ አንጀታቸው እስኪቃጠል የሚከራከሩ ወጣቶች፣ ስለ አንድ የሱሉልታ አባትና ልጅ ጠብ ቢከራከሩልን ምን ነበረበት ያሰኛል።

ከኳሱ ሌላ ሁለት የተለያዩ ድምፆች የምንሰማው በማስታወቂያ ውስጥ ነው። ልብ ብሎ ያዳመጠ ያውቀዋል፤ ዛሬ በራዲዮ ሁለት የተፈጠሩ ሰዎች ሲነጋገሩ የምንሰማው በአብዛኛው ዕቃ ሊሸጥልን ሲፈለግ ነው።

«ምነው ጎረቤት፣ ዛሬስ ፊትሽ ፈክቷል!»

«እንዴት አይፈካ! አልሰማሽም እንዴ?»

«ኧረ ምኑን?»

ከዚያ ዋጋው፣ አድራሻው፣ ስልክ ቁጥሩ። ተዋንያኑ ብዙ ጊዜ ጎበዞች ናቸው፤ በመድረክ የምናውቃቸውም አሉባቸው። ግን የጠያቂዋን ጎረቤት ሥራ ተመልከቱ። ሥራዋ «ምኑን?» ማለት ብቻ ነው። የራሷ ሐሳብ የላትም። «አልፈልግም፣ የኔው ይበቃኛል» ማለት አትችልም። የተፈጠረችው ለመጠየቅና ለመስማማት ነው። ይኸ ንግግር ይመስላል እንጂ ንግግር አይደለም፤ አንድ ድምፅ ለሁለት አፍ ሲታደል ነው። ይችን ጎረቤት ለጊዜው እዚህ እናቆያት፤ ኋላ እንፈልጋታለን።

ሌላው የቀረልን፣ ከሁሉም የሚበልጠው፣ ትረካ ነው። እዚህ ላይ አንዳንድ ወዳጆቻችንን ሳናስቀይም አንቀርም።

በኢትዮጵያ ራዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ተርኮታል። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ በዓይኑ ካነበበው ይልቅ በወጋየሁ ድምፅ የሰማው ሳይበዛ አይቀርም። ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ያወቀው በዚያ ጉሮሮ በኩል ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ሲቆጡ፣ ጉዱ ካሣ ሲሣለቅ፣ ሰብለ ስትጨነቅ፣ ሁሉም ከአንድ ሰው አፍ ይወጣሉ፤ ሆኖም አንዱ ከሌላው አይምታታም። ከዚያም ወዲህ፣ በ2010 ዓ.ም. ያረፈውን ፍቃዱ ተክለማርያምን የመሰሉ ተራኪዎች አግኝተናል። ሸገር ኤፍ ኤም 102.1 በ2000 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህም እሸቴ አሰፋ በ«መቆያ» የዓለምን ታሪክ በአንድ ድምፅ እየተረከ ብዙ አድማጭ አፍርቷል። ዛሬ ዩቲዩብና ቴሌግራም ውስጥ የገባ ሰው የሚያገኘው የአማርኛ ትረካ ተሰምቶ አያልቅም። በዚህ ረገድ ድሆች አይደለንም፤ ሀብታሞች ነን።

ታዲያ ሐሳባችን ይኸ ነው፤ የትረካው ማማር የድራማውን መሞት ሸፈነልን። ወጋየሁ ሁሉን መሆን ቻለ፤ እኛም አንድ ሰው ሁሉን መሆን ይበቃል ብለን ደመደምን። ገንዘብ ያዡም ደስ አለው። አንድ ጎበዝ ተራኪ አምስቱን ሰው ከተናገረ አምስት ተዋናይ ለምን ይከፈለዋል? ጥፋቱ የወጋየሁ አይደለም፤ ወጋየሁማ ራሱ የመድረክ ሰው ነበር፤ ከሌላ ተዋናይ ፊት ቆሞ ቃል መቀባበል ምን እንደ ሆነ ከማንም በላይ ያውቅ ነበር። ጥፋቱ ትረካንና ድራማን አንድ አድርጎ የቆጠረው የኛው ጆሮ ነው።

አንድ አይደሉም። በትረካ ውስጥ የሚያውቅ ሰው አለ። «ብላ በልቧ ተቆጣች» ይለናል። «እየዋሸ መሆኑን ግን ዓይኑ ያሳብቅበት ነበር» ይለናል። እጃችንን ይዞ ያሻግረናል። በድራማ ውስጥ የሚያውቅ ሰው የለም። ባል አምሽቶ ይገባል፤ በር ይንቋረራል። ሚስት «መጣህ?» ትላለች። እሱ «እራት አለ?» ይላል። ከዚያ ዝም። ሰሐን ይቀመጣል፤ ቀስ ብሎ ነው ወይስ ጠንከር ብሎ? ተቆጥታለች ብሎ የሚነግረን ማንም የለም፤ ከሰሐኑ ድምፅ ራሳችን መፍረድ አለብን። ተራኪ ዝም ሲል ትንፋሽ እየሳበ ነው። በድራማ ውስጥ አንዱ ዝም ሲል ግን አልመልስም ማለቱ ነው። ይኸ ዝምታ አንድ ሰው ብቻውን ሊሠራው የማይችለው ነገር ነው፤ ዝም የሚለውና ዝም የሚባለው ሁለት መሆን አለባቸው።

ለጆሮ ብቻ የተጻፈ ተውኔት ከመጀመሪያው ይኸን ያውቅ ነበር። በእ.ኤ.አ. ጥር 1924 የእንግሊዙ ቢ.ቢ.ሲ. ያሰማው የሪቻርድ ሂዩዝ ድራማ ጉብኝት የገቡ ሰዎችን ከድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ውስጥ ያስቀምጣቸውና መብራቱን ያጠፋባቸዋል። በቃ፤ ሰዎቹም አያዩም፣ አድማጩም አያይም። ጸሐፊው ማየት አለመቻልን እንደ ጉድለት ቆጥሮ ይቅርታ አልጠየቀበትም፤ ታሪኩን በላዩ ላይ ሠራበት።

ለኛ ግን ይኸ ከውጭ የመጣ ብልኀት አይመስለንም። ያገራችንን የድሮ ሙግት አስቡ። «በላ ልበልሃ» ሲባል ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸው ተቋጥሮ ተቆራኝተው ይቆማሉ፤ አንዱ ያነሣል፣ ሌላው ይጥላል፤ በቃል ይወጋጋሉ፤ ዙሪያውን የቆመው ሕዝብ እያዳመጠ ይፈርዳል። በመካከል ቆሞ «ይኸኛው እውነቱን ነው» የሚል ተራኪ የለም። እንካ ሰላንትያው፣ የሽማግሌ ፊት ክርክሩ፣ የጠጅ ቤት መጎሻሸሙ፣ ሁሉም ሁለት አፍ ይፈልጋል። ተረት የአንድ ሰው ነው፤ ሙግት የሁለት ነው። ሁለቱም አሉን፤ ራዲዮናችን የወረሰው አንዱን ብቻ ነው።

ቋንቋውም ራሱ ለዚህ የተመቸ ነው። በአማርኛ ግሡ መጨረሻ ላይ ይመጣል። «እኔ እኮ አንተን፣ ያን ሁሉ ካደረግኸኝ በኋላ እንኳ፣ አንድ ቀን...» ብላ ተዋናይቱ ጥቂት ብትቆም ሰሚው አብሯት ይቆማል። «ጠልቼህ አላውቅም» ትል ይሆናል፤ «አምኜህ አላውቅም» ትል ይሆናል። ግሡ እስኪደርስ ድረስ ፍርድ የለም። ለጆሮ ለሚጽፍ ጸሐፌ ተውኔት ከዚህ የበለጠ ስጦታ የት ይገኛል? ስጦታው ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል።

እንግዲህ ሰሚ ካለ፣ ወግ ካለ፣ ቋንቋ ካለ፣ የጎደለው ምንድር ነው? ባለቤት ነው። የራዲዮ ድራማችን በየዘመኑ ከፋይ አግኝቶ ያውቃል፤ ባለቤት ግን አግኝቶ አያውቅም።

መጀመሪያ ከፋዩ መንግሥት ነበር። አንድ ጣቢያ፣ አንድ ደመወዝ፣ አንድ ሳንሱር። በእሑዱ የመዝናኛ ሰዓት አጫጭር ድራማዎች ይሰሙ ነበር፤ የመድረክ ተዋንያንም ይሠሩባቸው ነበር። ሁሉም ግሩም ነበር አንልም። መልእክቱ ከታሪኩ ቀድሞ የሚሮጥባቸው፣ ሰካራሙ በአሥረኛው ደቂቃ ተጸጽቶ የሚያለቅስባቸው ብዙ ነበሩ። ቢሆንም ሳምንት ጠብቆ የሚመጣ ሰዓት ነበረው፤ ጸሐፊም ያንን ሰዓት አስቦ ይጽፍ ነበር።

ቀጥሎ ከፋዩ ፕሮጀክት ሆነ። «የቀን ቅኝት» የዚህ ዘመን ትልቁ ሥራ ስለ ሆነ ቆም ብለን ልናየው ይገባል። ያዘጋጀው ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር የሚባለው ድርጅት ነው፤ በአገራችን ሥራውን የመሩት ዶክተር ንጉሤ ተፈራ ነበሩ። በኢትዮጵያ ራዲዮ ከግንቦት 1994 እስከ ኅዳር 1997 ዓ.ም. 257 ክፍል ተሰማ። በዚያው ጊዜ «ዲምቢባ» የተባለ፣ የራሱ ታሪክ ያለው ሌላ ድራማ በአፋን ኦሮሞ 140 ክፍል ተላለፈ። ስለ ኤች አይ ቪ፣ ስለ ቤተሰብ ምጣኔ፣ ስለ ሴት ልጅ ትምህርትና ስለ ጋብቻ ነበር የሚያወሩት። ድርጅቱ እንደሚለው ከአድማጭ ከ15 ሺህ በላይ ደብዳቤ ደርሶታል። ከ15 ሺህ በላይ! ወረቀት ገዝቶ፣ ቴምብር ለጥፎ፣ ፖስታ ቤት ድረስ ሄዶ። ይኸን የሰማ ሰው ደግሞ «ሰሚ የለም» ሲል አፉን አይዘውም?

ዘዴው የሜክሲኮው ሚጌል ሳቢዶ ነው። ሳቢዶ፣ በእ.ኤ.አ. 1969 በፔሩ የተሠራው «ሲምፕሌሜንቴ ማሪያ» የተባለ ተከታታይ ድራማ ስፌት ተምራ ያለፈላትን የቤት ሠራተኛ ታሪክ ሲያሳይ የስፌት መኪና ገበያ መድራቱን አስተዋለና፣ ታሪክ ሆነ ተብሎ ለትምህርት ቢውልስ ብሎ ተነሣ። በዘዴው ሦስት ዓይነት ሰው ይኖራል፤ ደጉ፣ ክፉው፣ በመካከል የሚዋልለው። አድማጩ ራሱን የሚያየው በመካከለኛው ነው። ዋላዩ ይሳሳታል፣ ይጎዳል፣ ይማራል፣ በመጨረሻ ወደ ደጉ ይጠጋል።

በዚህ ዘዴ ላይ የሚሣለቁትን አንከተልም። መካከለኛው ሰው ከማስታወቂያዋ ጎረቤት እጅግ ይሻላል፤ ይጠራጠራል፣ እምቢ ይላል፣ ተመልሶ ይወድቃል። ተዋንያኑም ጸሐፊዎቹም ያገር ልጆች ነበሩ፤ ከክፍል ወደ ክፍል ልብ ማንጠልጠሉንም ተክነውበታል። አንድ ነገር ግን ከመጀመሪያው ተወስኗል፤ ወዴት እንደሚደርስ። ልቡ ሊሸፍት ይችላል፣ መድረሻው ግን በዕቅዱ ላይ ተጽፏል። አድማጭ ሞኝ አይደለም፤ ሁለት ሦስት እንዲህ ያለ ድራማ ከሰማ በኋላ ማን እንደሚያሸንፍ ከሙዚቃው ጀምሮ ያውቃል። ያኔ ያቺ ጎረቤት በጓሮ በር ተመልሳ ትገባለች፤ «ምኑን?» እያለች። ከ«የቀን ቅኝት» በኋላ «ማለዳ»ም መጣ፣ «ስብራት»ም መጣ፤ እያንዳንዱ ከነጉዳዩና ከነበጀቱ። ጉዳይ የሌለው ድራማ፣ ለመሰማት ብቻ የሚሰማ ድራማ፣ በጀት አልነበረውም።

መልእክት ድራማን ይገድላል ማለታችን ግን አይደለም። የእንግሊዞቹን «ዘ አርቸርስ» ውሰዱ። በእ.ኤ.አ. 1951 ለመላ አገሪቱ መሰማት ሲጀምር ዓላማው እጅግ ደረቅ ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ ምግብ ስላነሰ ገበሬው አዲስ አስተራረስ እንዲማር። እስከ 1972 ድረስ የግብርናው ሚኒስቴር እጅ ነበረበት። ከዚያ ሚኒስቴሩ ወጣ፤ ድራማው ግን ቀረ፤ ዛሬም ይሰማል። የማዳበሪያው ምክር አርጅቶ ወደቀ፤ ሰዎቹ ግን አገቡ፣ ወለዱ፣ ተጣሉ፣ ሞቱ፤ አድማጩም ከነሱ ጋር አረጀ። ይኸ የሆነው ቤቱ ባለቤት ስለ ነበረው ነው፤ አድማጩ በየዓመቱ ከሚከፍለው ገንዘብ የሚተዳደር ጣቢያ፣ ከፋዩ ቢሄድም ድራማውን ይዞ ለመቆየት ቻለ። አሜሪካን አገር በተቃራኒው ሆነ። እዚያ ድራማው የማስታወቂያ ከፋዮች ነበር፤ እነሱ ገንዘባቸውን ይዘው ወደ ቴሌቪዥን ሲሻገሩ፣ በእ.ኤ.አ. መስከረም 30 ቀን 1962 የሲ.ቢ.ኤስ. የመጨረሻዎቹ ሁለት ድራማዎች በአንድ ምሽት አበቁ። ሰሚ አጥተው ነው እንዳንል፣ መኪና የሚነዳ ሁሉ ራዲዮ ይሰማ ነበር። ልብ ያለው ይኸን ከኛው ጋር ያነጻጽር።

አሁን ከፋዩ ማን ነው? የብሮድካስት አዋጅ ቁጥር 178/1991 ከወጣ በኋላ የግል ጣቢያዎች መንገድ ተከፈተ፤ ጣቢያም በረከተ። መብዛቱ በራሱ ደግ ነው። አብዛኛው የኤፍ ኤም ሰዓት ግን ለተባባሪ አዘጋጅ ይሸጣል። አዘጋጁ ሰዓቱን ገዝቶ፣ ማስታወቂያ ፈልጎ፣ የገዛበትን ከፍሎ በተረፈው ይኖራል። በዚህ ሒሳብ የሠላሳ ደቂቃ ድራማ ምን እንደሚጠይቅ አስቡት። ጸሐፊ፣ አዘጋጅ፣ ቢያንስ አራት አምስት ተዋናይ፣ ድምፅ ቀማሪ፣ የልምምድ ቀን፣ የቀረጻ ቀን። በሌላ ወገን አንድ አቅራቢና አንድ ስልክ አለ። ስልኩን ደዋዩ በራሱ ሒሳብ ይደውላል፤ ተናጋሪው ከፍሎ ይናገርልሃል! የትኛው ነጋዴ ነው አምስት ተዋናይ የሚቀጥረው? አዘጋጁን አንወቅሰውም፤ ልጆች አሉት።

ተዋንያኑ ታዲያ ወዴት ሄዱ? ብዙዎቹ ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ባገኙት የድብድቦሽ ሥራ ገቡ፤ ድብድቦሽ ያልነው በቱርክ ከንፈር ላይ አማርኛ መለጠፉን ነው፤ ሌላ ስም ያለው ይንገረን። ሥራው ሥራ ነው፤ ብዙ ወጣት ድምፅም ሠልጥኖበታል። ግን እዚያ ቃሉ ከባዕድ አፍ መከፈትና መዘጋት ጋር መግጠም አለበት፤ ያ የተመሰገነው የአማርኛ ግሥ ቦታውን ለቆ ወደ ፊት ይገፋል፣ ዐረፍተ ነገሩ ይሸማቀቃል፣ «ውዴ» በየቦታው ይሰካል። ራዲዮ ከንፈር የለውም። አማርኛ በራሱ ትንፋሽ የሚናገርበት ቦታ እሱ ነበር።

ስለ ሞገዱም አንድ ቃል። የኤፍ ኤም ሞገድ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ተራራ ሲያገኝ ይደናቀፋል። ከአዲሱ ገበያ የተነሣ ታክሲ እንጦጦን ዞሮ ወደኛ ቁልቁል ሲል ድምፁ አንዳንዴ መንሻፈፍ ይጀምራል፤ ሾፌሩ እየነዳ ቁልፉን ያዞራል። የድሮው ራዲዮ በመካከለኛና በአጭር ሞገድ ተራራውን ተሻግሮ ጎጃም ይገባ ነበር። ድራማው ከዚያ ወደዚህ ሲዘዋወር ታሪኩም አብሮ ጠበበ፤ የአዲስ አበባ ካፌ፣ የአዲስ አበባ ቢሮ፣ የአዲስ አበባ አፓርትመንት። ተራራውን አለመሻገር የሞገዱ ብቻ አይደለም።

የሐያስያን ነገርስ? መድረክ ላይ የወጣ ተውኔት ቢያንስ ጋዜጣ ያነሣዋል፤ የመንግሥቱ ለማና የጸጋዬ ገብረ መድኅን ተውኔቶች ታትመው በእጃችን አሉ፤ እንማርባቸዋለን። የታተመ የራዲዮ ድራማ ግን እስቲ መጻሕፍት መደብር ሄዳችሁ ፈልጉልን። 257 ክፍል የተሰማ ሥራ አንድ ገጽ ቃለ ተውኔቱን ለማየት የፈለገ ተማሪ ወዴት ይሂድ? ያልታተመ አይጠናም፤ ያልተጠና አይሻሻልም፤ አዲስ ጸሐፊ ሁሌ ከዜሮ ይጀምራል። መድረክ ለማግኘት ዓመታት ደጅ መጥናት ለሚጠብቀው ጀማሪ ጸሐፊ ራዲዮ ዝቅተኛው በር ነበር፤ መጋረጃ አይፈልግ፣ ልብስ አይፈልግ፣ ንጉሡም ሆነ ለማኙ በአንድ ሹራብ ይሠራል።

ምን ይጻፍ ለሚሉን ከደጃችን አንድ ነገር እንጥቀስ። ሱሉልታ ላይ መሬቱ ለልማት ተብሎ የተነሣበትና ካሣ የተቀበለ ገበሬ የማያውቅ የለም። አባት ገንዘቡን ይዞ ተቀምጧል። ልጅ ሚኒባስ ይገዛ ይላል። እናት ቤቱ ይጠገን ትላለች። አባት የሚያስበው በሬዎቹን ነው፤ በሬ ግን አሁን የት ይውላል? ማን ትክክል ነው? ሁሉም። ይኸን ታሪክ የትኛው ፕሮጀክት ይከፍልለታል? በመጨረሻው ላይ አድማጩ ምን እንዲያደርግ ነው የሚመክረው? ምንም። ለዚህ ነው ድራማ የሚሆነው።

ደግሞ እንዴት እንደሚሰማ አስቡ። ቤቱ ውስጥ ሁለት ቋንቋ አለ። አባት ሲቆጣ በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ልጁ በአማርኛ ይመልሳል፤ እናት አንዱን ዐረፍተ ነገር በአንዱ ጀምራ በሌላው ትጨርሳለች። የኛ መንደር እንዲህ ነው የሚናገረው። በ1994 ዓ.ም. ግን አማርኛው በአንድ ድራማ፣ አፋን ኦሮሞው በሌላ ድራማ ተለያይተው ነበር የተሰሙት። ለየቋንቋው የራሱን መስጠት ትልቅ ነገር ነበር፤ የሱሉልታን አንድ ግቢ ግን ሁለቱም ብቻቸውን አይዙትም። ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአባቱ በአባቱ ቋንቋ ሲመልስ፣ ያ የቋንቋ መለወጥ ብቻውን ትልቅ ትዕይንት ነው፤ ሥዕል አይፈልግም። ውጭ ባሕር ዛፉ ይንሿሿል፤ ከእንጦጦ የሚወርድ የጭነት መኪና በሞተሩ እያገሳ ያልፋል፤ ማታ ከሆነ ጅብ አለ። ይኸን ሁሉ በአንድ ስልክ መቅረጽ ይቻላል። ስቱዲዮ የለንም የሚል ምክንያት ዛሬ አይሠራም፤ የጎደለን አምስት ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ሰብስቦ ጽሑፍ በእጁ የሚሰጥ ነው።

ስለዚህ ይች መጽሔታችን ከሚቀጥለው ቁጥር ጀምሮ በየጊዜው አንድ የራዲዮ ድራማ ቃለ ተውኔት ታትማለች። የምትልኩልን ከአሥር ገጽ አይብለጥ። ከሁለት ያላነሱ ድምፆች ይኑሩበት፤ ተራኪ አይግባበት፤ ማንም ሰው በመጨረሻው ገጽ ላይ ተጸጽቶ አያልቅስ፣ ካለቀሰም በቂ ምክንያት ይኑረው። አማርኛም፣ አፋን ኦሮሞም፣ ሁለቱም ተቀላቅለው ቢመጡ እንቀበላለን። ከደረሱን መካከል አንዱን መርጠን፣ ድምፅ ተከፋፍለን፣ መብራት አጥፍተን ጮክ ብለን እናነበዋለን፤ የሰማነውንም እዚሁ ገጽ ላይ እንሔሰዋለን።